ቦቢ፣ መዥገሩና የእናቴ ወረንጦ

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ነው። የውሻችንን የቦቢን ጆሮ ሥር እያከክሁለት ጣቴን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ኪንታሮት መሰለኝ። ፀጉሩን ገለጥ አድርጌ ሳየው እግር አለው። ደም ጠጥቶ አተር አክሏል።

ደንግጬ ያደረግኩት ሁሉ ስህተት ነበር። አንዲት ጎረቤታችን "ላምባ ጠብ አድርጊበት፣ ራሱ ይለቃል" አሉኝ። ጠብ አደረግኩ። አልለቀቀም። በጥፍሬ ቆንጥጬ ስጎትተው ሆዱ ፈነዳ፣ አፉ ቆዳው ውስጥ ቀረ። ቦቢ ጮኸ። ያ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በማግስቱ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። "ልጄ፣ ላምባ ሁለተኛ እንዳይነካው" አሉኝ። መዥገር ሲጨነቅ ሆዱ ውስጥ ያለውን ወደ ቁስሉ መልሶ ሊተፋ ይችላል። በሽታ ከተሸከመ አብሮ ይገባል። ላምባው ራሱ ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል፤ ውሻው ሲልሰው ይመረዛል። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የክብሪት እሳት፣ ሁሉም መተው አለበት። የቀረውን አፍ በመርፌ ልቆፍር አስቤ ነበር። እሱንም ከለከሉኝ። ቦታው በንጽህና ከተያዘ ቆዳው ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል። ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ግን ወደ ሐኪም ነው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ቦቢ ሮጦ ሲደክመው እጀምራለሁ። እህቴ አንገቱን አቅፋ ታወራዋለች። ጓንት አደርጋለሁ። መሣሪያዬ እናቴ እሾህ የምታወጣበት ወረንጦ ነው፤ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ፀጉሩን ከፍዬ መዥገሩን ቆዳው ጥግ፣ አፉ የገባበት ቦታ ላይ እይዘዋለሁ። ሆዱን አልጫንም። ከዚያ ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ እስባለሁ። አልጠመዝዝም፣ አልነጥቅም። ቆዳው ትንሽ ከፍ ይላል። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። እኔ እዚያው ይዤ እቆያለሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ይለቃል። ወዲያው አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ እጨምረዋለሁ። በጣት መጨፍለቅ ለእኛም አደጋ አለው። ቁስሉንና እጄን በሳሙና አጥባለሁ።

አንዱን ነቅሎ መርካት የለም። ጆሮው ውስጥ፣ በጣቶቹ መካከል፣ ብብቱ፣ ጭራው ሥር፣ የአንገት ማሰሪያው ሥር፣ ሁሉም ይዳሰሳል።

የድመታችን የውሮ ነገር ግን ዛሬም ያስደነግጠኛል። እሷን በፎጣ ጠቅልሎ ጭንቅላቷን ብቻ ማውጣት ይበቃል፤ መንቀሉ ያው ነው። አደጋው መድኃኒቱ ላይ ነው። ከቦቢ የተረፈውን የመዥገር መድኃኒት ጠብታ ልቀባት አስቤ ነበር። ደግነቱ ሐኪሙ ቀድመው "ቤት ውስጥ ድመት አለ ወይ?" ብለው ጠይቀውኛል። ለውሻ በሚሸጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ውስጥ ፐርሜትሪን የሚባል ነገር አለ። የድመት ሰውነት ይህን በደንብ ማስወገድ አይችልም። ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል። እባካችሁ የውሻ መድኃኒት ለድመት አትስጡ። ለከብት የሚረጨውንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሁለቱም አትንኩ።

ሌላው ያልገባኝ ነገር ቤታችን ነበር። እየነቀልኩ እየነቀልኩ አላልቅ አለኝ። ለካ ሴቷ መዥገር ከጠገበች በኋላ ከውሻው ትወርድና ስንጥቅ ውስጥ ከ1,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ቦቢ የሚተኛበትን አሮጌ ጆንያ አቃጠልን። የግድግዳውን ስንጥቅ በሲሚንቶ ደፈንን። ምንጣፉን በየሳምንቱ በፈላ ውሃ አጥባለሁ። ለቦቢ ደግሞ ሐኪሙ በክብደቱ ልክ ያዘዙትን መከላከያ ቀኑን ሳላሳልፍ እሰጠዋለሁ።

ከነቀልኩ በኋላም ለሳምንታት አየዋለሁ። ምግብ እምቢ ካለ፣ ካተኮሰው፣ ድዱ ከነጣ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ነገ አልልም፣ በዚያው ቀን እወስደዋለሁ።

ትናንት ማታ ስዳስሰው አንድ ብቻ አገኘሁ፤ ግራ ጆሮው ውስጥ፣ ገና ያልጠገበ።