ገበያ ቀን የተገኘው ወባ

ቆላ ውስጥ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ላብራቶሪ ከገባሁ ሦስት ወሬ፣ ራሴን ጎበዝ አድርጌ የምቆጥርበት ጊዜ። የካቲት፣ ገበያ ቀን። በራፉ ላይ ሰው ተኮልኩሎ ሁሉም "ቶሎ በለኝ፣ መኪና ሊያመልጠኝ ነው" ይላል።

ከጣት ደም ወሰድኩ፣ የመስታወት ስላይድ ላይ ቀባሁ፣ አደረቅሁ። የወባ ተሕዋሱን የሚያቀልመውን ጊምሳ የሚባል ቀለም፣ በ10 በመቶ የተበጠበጠውን፣ አፍስሼ 10 ደቂቃ ጠበቅሁ። እስከዚህ ጥፋት የለብኝም። ከዚያ ስላይዶቹን እያነሳሁ ቀለሙን ማጠቢያው ላይ ገለበጥኩት። ቶሎ ያልቃላ!

መቶ ጊዜ በሚያጎላው የማይክሮስኮፕ ሌንስ ሳይ ነጥብ በነጥብ ነው። አራት ሰው፣ አራቱም ፖዘቲቭ። "ፋልሲፓረም" ብዬ የወባውን ዓይነት ጽፌ ሰጠሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጤና መኮንኑ ወረቀቶቹን ይዞ መጣ። "ወባ በማይበዛበት በየካቲት አራት ለአራት? አንዷ እኮ ጉሮሮዋን ነው ያመማት።"

ነባሩ ባለሙያ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አሉ። ዝም ብለው ትንሿን ማስተካከያ ወዲያ ወዲህ አሽከረከሩ።

"ና እስቲ። የነጭ ደም ሴሉን ኒውክለስ አጥራልኝ።"

አጠራሁ። ነጥቦቼ ደበዘዙ።

"አሁን ነጥቦቹን።"

ሴሉ ደበዘዘ። ነጥቦቹ ለካ ከደሙ በላይ ነው ያሉት! ቀለማቸውም አንድ ወጥ፣ ጥቁር ሐምራዊ። ወባ ግን ሁለት ቀለም አለው፤ ቀይ ነጥብና ሰማያዊ አካል።

ጋሼ አልተቆጡም (ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር)። የተበጠበጠ ጊምሳ ያለበትን ዕቃ አሳዩኝ። ላዩ ላይ መንገድ ላይ እንደፈሰሰ ናፍጣ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ሠርቷል። ስላይዱን ስትገለብጠው ያ ሽፋን ደሙ ላይ ይለጠፋል። እሳቸው ከዳር በኩል ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ሽፋኑን አንሳፈው ያስወጡታል። ቢበዛ አንድ ደቂቃ ቢጨምር ነው።

ከዚያ ሰዎቹን ፍለጋ። ሁለቱ ፋርማሲው በር ላይ ነበሩ። ጉሮሮዋን ያመማትን መናኸሪያ አገኘኋት። አንዱ አባት የታዘዘላቸውን የወባ መድኃኒት፣ ኮአርተሙን፣ ኪሳቸው ከትተው ሻይ ቤት ተቀምጠዋል።

"ደግሞ ልትወጋኝ ነው?" አሉኝ፣ ሌላኛውን እጃቸውን እየዘረጉ።

በአዲሱ ስላይድ ሦስቱ ኔጌቲቭ ሆኑ። እያንዳንዱን 100 ፊልድ (በሌንሱ አንዴ የሚታየው ክብ ቦታ) ቆጥሬ። የሻይ ቤቱ አባት ግን የእውነት ወባ ነበረባቸው፤ እሱም ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው ዓይነት። መድኃኒታቸው ወደ ክሎሮኪን ተቀየረ።

"አልኩህ እኮ፣ አሞኛል" አሉኝ።