ለሐረጎ ዝናብ የሚሆን ጎማ

ባለፈው ሐምሌ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ሳለ፣ የሐረጎን ቁልቁለት አጋምሼ አንዱን የግራ መታጠፊያ እንደጀመርኩ የሞተር ሳይክሌ የኋላ ጎማ ከዳኝ። ፍጥነቴ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም ነበር፤ ፍሬን አልያዝኩም፣ ነዳጅም አልሰጠሁም። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር ከፊቴ የሚሄደውን የአይሱዙ የኋላ መብራት የማየው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ጎማው አንድ ክንድ ያህል ወደ ቀኝ ተንሸራተተና መልሶ አስፋልቱን ያዘ። አልወደቅሁም። ነገር ግን ኮምቦልቻ ደርሼ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ እጆቼ መሪውን አንለቅም አሉኝ።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት መንገዱን ነው። በሐረጎ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ናፍጣ ያንጠባጥባሉ፤ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲያርፍበት አስፋልቱ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ሆኖም ሐምሌ ተጋምሶ ስለነበር በየቀኑ የሚወርደው ዶፍ መንገዱን ደጋግሞ አጥቦታል። በማግስቱ ጠዋት ጎማውን በጨርቅ ወልውዬና ተንበርክኬ ሳየው ጥርሱ አላለቀም፤ በቦዮቹ ውስጥ ያሉት የማለቂያ ምልክቶች ገና ከላይኛው ገጽ ዝቅ ብለው ይታያሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ገና ብዙ ይሄዳል» እያልኩ ስጽናና የኖርኩትም ይህንኑ እያየሁ ነው። የአውራ ጣቴን ጥፍር በጎማው ጠርዝ ላይ ስጫነው ግን ቅንጣት ምልክት አልተወበትም፤ የምነካው ላስቲክ ሳይሆን የደረቀ ቀንድ መሰለኝ። ከቦዮቹ ሥር ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ነበሩ።

በጎማው ጎን ላይ፣ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በሚመጣው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። የእኔው 2214 ይላል። ይህም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 በ22ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ስለሆነ፣ ሞተሩን ስገዛው ጎማው የስድስት ዓመት ዕድሜ ነበረው። «ጎማው አዲስ ነው» ብሎ የሸጠልኝ ሰው ምናልባት ያየው ጥርሱን ይሆናል፤ እኔም ያየሁት ጥርሱን ብቻ ነበር። ጎማ ግን ቆሞም ያረጃል፤ አየሩ፣ ፀሐዩና ሙቀቱ ላስቲኩን ቀስ በቀስ ያደርቁታል፣ ልስላሴውም ሲሄድ እርጥብ አስፋልት የሚይዝበት አቅሙ አብሮ ይሄዳል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይህንን እርጅና አያሳይም።

ሞተሬ ሱዙኪ ባንዲት 1250 ነው። ነዳጁ ሲሞላ ክብደቱ 250 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። የፊት ጎማው ልክ 120/70 ዜድ.አር. 17፣ የኋላው 180/55 ዜድ.አር. 17 ሲሆን፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ለትናንሾቹ ሞተሮች የሚሆን ጎማ እንጂ ይህ ልክ በመደርደሪያ ላይ አይገኝም። ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፉት 58 እና 73 የተባሉት ቁጥሮች ጎማዎቹ የሚችሉትን ሸክም ያመለክታሉ፤ የፊቱ 236፣ የኋላው 365 ኪሎ ግራም ማለት ነው። በመጨረሻ የሚመጣው ደብልዩ የሚለው ፊደል ጎማው በሰዓት እስከ 270 ኪሎ ሜትር መቋቋሙን ይናገራል። ያ ፍጥነት ለእኔ ምንም አይደለም። ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ፣ ሻንጣ ጭኜ ወደ ወልድያ ስወጣ የሚያሳስበኝ ሸክሙ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሞተር ስፖርት ቱሪንግ የሚባሉት ጎማዎች ይስማማሉ። ከውድድር ጎማ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አላቸው፣ በቀጥታ መንገድ ብቻ ለሚጓዝ ከተሠራ ጠንካራ ጎማ ይልቅ ደግሞ በመታጠፊያ ላይ የተሻለ ይይዛሉ። ብዙዎቹ መሐላቸው ጠንከር ካለ ላስቲክ፣ ሁለቱ ጎናቸው ለስለስ ካለው የተሠራ ነው። ሚሽሊን ሮድ 5፣ ፒሬሊ ኤንጅል ጂ.ቲ. 2፣ ሜትዝለር ሮድቴክ 01 እና ብሪጅስቶን ቲ31 ስለሚባሉት ሳነብ ሰነበትኩ። መጀመሪያ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ የትኛው ነው ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄድ? ጎማ ማግኘት እንዲህ በሚያስቸግርበት አገር ጥያቄው ተገቢ ይመስላል። እያደር ግን በዓመት የምነዳው ከ6,000 ኪሎ ሜትር እንደማይበልጥ አሰላሁና፣ ከሁሉም የሚቆየውን ብገዛ ዛሬ የምጥለውን ጎማ ታሪክ እንደምደግመው ገባኝ፤ ጥርሱ ሳያልቅ ዕድሜው ያልቃል። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ትቼ ቅዝቃዜውንና ዝናቡን መመዘን ጀመርኩ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐምሌና የነሐሴ ጠዋት ብርዷ አጥንት ይሰብራል። ከቤቴ ተነስቼ ቁልቁለቱ እስኪጀምር ያለው መንገድ ደግሞ አጭር ነው። ከዚያ በኋላ ማርሽ ቀንሼ በሞተሩ ጉልበት ፍጥነቱን እየያዝኩ እወርዳለሁ እንጂ ጎማውን የሚያሞቅ ነገር የለም። በመሆኑም ካልሞቀ የማይይዝ ጎማ ለእኔ መንገድ አይሆንም፤ የሚያስፈልገኝ ገና እንደቀዘቀዘ፣ ገና እንደረጠበ የሚይዝ ነው። በላስቲኩ ውስጥ ከጥቁሩ ካርቦን ጋር ሲሊካ የሚባል ነጭ ዱቄት በብዛት የሚጨመረው ለዚሁ ነው፤ ሲሊካ ላስቲኩ በብርድ ጊዜም ልስላሴውን እንዲጠብቅና እርጥብ አስፋልት እንዲይዝ ይረዳዋል። በመጨረሻ ሚሽሊን ሮድ 5ን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። በላዩ ላይ የተሰነጠቁት ቀጫጭን የውኃ ማስወጫዎች ወደ ታች እየሰፉ የሚሄዱ በመሆናቸው፣ ጎማው በተበላ ቁጥር አይጠቡም፤ ይሰፋሉ። ጎማው ተበልቶ እንኳ ክረምት ሊያገኘው ስለሚችል ይህ አሠራር እምነቴን ጨመረው።

ሌላም ጥፋት በአሮጌው ጎማ ላይ አይቻለሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በቦርከና ሸለቆ የሚዘልቀውን ቀጥ ያለ መንገድ ስመላለስበት የኋላው ጎማ መሐሉ ተበልቶ ጠፍጥፏል። ክብ መሆኑ ቀርቶ ጠርዝ ስላወጣ፣ ሞተሩ ወደ ጎን ሲያዘነብል መጀመሪያ እንቢ ይልና ከጠርዙ ሲያልፍ በድንገት ያጋድላል። ለካ በመታጠፊያ ላይ ይሰማኝ የነበረው መጎርበጥ ይህ ነው። እኔ ግን የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ ዘይት እስከማስቀየር ደርሼ ነበር።

ጎማዎቹን ያመጣችልኝ ዱባይ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ናት። በዚያ ሙቀት መጋዘን ውስጥ ብዙ የቆየ ጎማ እንዳይሰጧት ፈርቼ፣ ከመክፈሏ በፊት አራቱን አኃዞች በስልክ እንድታነብልኝ አደራ አልኳት። የመጀመሪያው ሱቅ ያቀረበላት አራት ዓመት ያለፈው ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው ሱቅ ሆና ደወለችና፣ «ወንድምዓለም፣ ይሄኛው 0923 ነው የሚለው፤ ይሁን ወይስ ሌላ ልፈልግ?» አለችኝ። እኛ የካቲት በምንለው ወር የተሠራ፣ ዓመት ያልሞላው ጎማ ነበር። «ይሁን እህቴ፣ ኑሪልኝ» አልኳት። በነሐሴ መጨረሻ ለእረፍት ስትመጣ፣ ለራሷ ዕቃ የሚሆነውን ኪሎ ቀንሳ ሁለቱን ጎማ ይዛልኝ መጣች።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሐረጎን የወረድኩት በሚኒባስ ነበር። ጎማዎቹ ከመጡ በኋላ በደረቅ ቀን፣ በዝግታ፣ ኮምቦልቻ ወደሚገኙት፣ ሁላችንም ሐጂ ብለን ወደምንጠራቸው ጎሚስታ ወረድኩ። የባንዲት ቸርኬ አልሙኒየም ስለሆነ የጎማ ማውጫ ብረት ይቧጭረዋል፤ በመዶሻ ከተመታም ሊጣመም ይችላል። ስጋቴን ስነግራቸው፣ «አብሽር ልጄ፣ ብረት ከቸርኬው ጋር አይገናኝም» አሉኝና አሮጌ ጀሪካን ቀደው ሁለት ጥፍጥፍ ፕላስቲኮች አወጡ። ፕላስቲኩን በቸርኬው ከንፈር ላይ አልብሰው፣ የጎማውን አፍ በሳሙና ውኃ አርሰው፣ አንድ መዳፍ አንድ መዳፍ እያሉ ገለበጡት። አዲሱን ከማስገባታቸው በፊት በጎኑ ላይ ያለውን የመዞሪያ ቀስት በጣታቸው ተከትለው ሁለት ጊዜ አረጋገጡ። ጎማው ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከኮምፕሬሰሩ አየር ሲገባበት ሁለቱ ጠርዞቹ በየተራ ጧ ብለው ቦታቸውን ያዙ። በመጨረሻም ቸርኬውን ከነመሽከርከሪያው ዘንግ በሁለት በርጩማዎች መካከል አስቀምጠው ደጋግመው አሽከረከሩት፤ ከባዱ ወገን ሁልጊዜ ወደ ታች እየመጣ ሲቆም፣ ተቃራኒው ላይ ትንሽ የእርሳስ ብረት ለጥፈው የትም እስኪቆም ድረስ አስተካከሉት። ማሽን በሌለበት እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም።

የአየሩ ግፊት ለፊት 36፣ ለኋላ 42 ፒ.ኤስ.አይ. ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ደሴ ላይ ስለካው የኋላው 41 አሳየኝ። አየሩ የሚያፈስ መስሎኝ ቫልቮውን ምራቅ ቀብቼ አየሁት፤ አይፈስም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ስለሚጨመርና የውጪው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ወደ 1 ፒ.ኤስ.አይ. ጨምሮ ማሳየት ሲገባው፣ የደሴ ጠዋት ቅዝቃዜ ከዚያ የበለጠ ቀንሶታል። ከዚያ ወዲህ የምለካው ሁልጊዜ ደሴ ላይ፣ ከመነሳቴ በፊት፣ ጎማው እንደቀዘቀዘ ነው።

አዲስ ጎማ ገጹ የሚያሟልጭ ስለሆነ የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ሜትር ያህል በእርጋታ መንዳት ይገባል። እኔም በደረቅ ቀን ሐይቅ ድረስ ሦስት ጊዜ ደርሼ ተመለስኩ፤ በእያንዳንዱ ጉዞም ማዘንበሉን ጥቂት ጥቂት እየጨመርኩ ሄድኩ። ሞተሩ እንደ ድሮው እንቢ ማለቱን ትቶ፣ ፊቴን ወዳዞርኩበት በአንድ ወጥ ፍጥነት ይተኛል።

በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረበት ጠዋት፣ ሐረጎን እንደገና ወረድኩ። ጉም ነበር፤ ካፊያውም አላቋረጠም። የግራውን መታጠፊያ ስቃረብ ትከሻዬ ደነደነብኝ፤ ማርሽ ቀንሼ በ40 ገባሁበት፤ ጎማውም የያዘውን ሳይለቅ እስከ መጨረሻው አደረሰኝ። ኮምቦልቻ ገብቼ ሞተሩን ካቆምኩ በኋላ ጓንቴን አውልቄ የኋላውን ጎማ ጎን በመዳፌ ዳሰስኩት። ርጥብ ነበር፤ ጥፍሬንም ስጫነው ምልክቱ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ በአዲስ ገጽ ላይ ጻፍኩ፦ 0923፣ የተገጠመበት 41,380 ኪሎ ሜትር፣ 36/42።