ከመሣሪያው በፊት ክፍሉ፦ ቤት ውስጥ ማስተሪንግ ስሠራ የተማርኩት

ቤታቸው ውስጥ የማስተሪንግ ስቱዲዮ መክፈት የሚፈልጉ ልጆች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ስፒከር ነው። ቀጥሎ ስለ ፕለጊን (ኮምፒውተር ውስጥ ድምፅ የሚያስተካክሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች)። ስለ ግድግዳና ስለ ክፍሉ ጥጎች የሚጠይቀኝ ሰው እምብዛም አይገጥመኝም። የኔ ሥራ መስመር የያዘው ግን ከዚያ በኩል ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

ማስተሪንግ ዘፈኑ ተቀርጾና ሚክስ ተደርጎ (ድምፆቹ ተመጣጥነው ተቀላቅለው) ካለቀ በኋላ የሚያርፍበት የመጨረሻ እጅ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አድማጭ ነው። ማስተር የሚያደርገው ሰው «ቤዙ በዝቷል» ብሎ ሲቀንስ፣ የበዛው ዘፈኑ ውስጥ ይሁን ክፍሉ ውስጥ ለይቶ ማወቅ አለበት። ይህን ካልለየ በሰው ድካም ላይ እየገመተ ነው የሚሠራው።

ትንሽ ክፍል ደግሞ ይዋሻል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ስሌት ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 43 ሄርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ በራሱ ላይ ይደራረባል። 86 ላይም ያው ነው፣ 129 ላይም ያው ነው። ወርዱና ከፍታው የየራሳቸውን ይጨምሩበታል። ይህን ለመስማት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ቤዝ ጊታሩ ጎላ ያለ ዘፈን ክፈቱና ክፍሉ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። አንድ ቦታ ላይ አንዷ ኖታ ታጓራለች። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ስትሉ ያቺው ኖታ ድራሿ ይጠፋል።

እኔ የጀመርኩት ከወንበሩ ነው። የመለኪያ ማይክ ጆሮዬ በሚሆንበት ቦታ ተከልኩና ሩም ኢኪው ዊዛርድ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፍሉን ለካሁ። ከፊት ለፊት ግድግዳ የክፍሉን ርዝመት 38 ከመቶ ያህል ገባ ብሎ መቀመጥ ጥሩ መነሻ ነው ይባላል። እውነትም መነሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ወንበሩንም ስፒከሮቹንም ስንዝር በስንዝር እያንቀሳቀስኩ እንደገና መለካት ነበረብኝ። አሰልቺ ነው። ነገር ግን ያለ አንዳች ወጪ ያን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ሌላ ሥራ አላውቅም።

ቀጥሎ ጥጎቹ። ቤዝ የሚከማቸው ጥግ ላይ ስለሆነ፣ በእንጨት ፍሬም ውስጥ ወፍራም የሮክ ውል ጥጥ (ከድንጋይ የሚሠራ) አስገብቼ፣ አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ ሸፍኜ ከወለል እስከ ጣሪያ አቆምኩ። ውፍረቱ ላይ መቆጠብ አይገባም። ስስ ስፖንጅና የእንቁላል መያዣ ካርቶን የሚነካው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፣ ቤዙ ምንም ሳይሆን ያልፋል። እንዲያውም ክፍሉ ከላይ ታፍኖ ከታች እያጓራ ይቀራል፣ ይህ ደግሞ ከባዶው ክፍል የባሰ ነው። የጎን ግድግዳው ላይ ድምፅ የሚመጥ ፓነል የሚሰቀልበትን ቦታ የለየሁት በመስታወት ነው። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ሌላ ሰው መስታወት ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሄዳል። ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ የታየኝ ቦታ ላይ፣ ድምፁ ነጥሮ ወደ ጆሮዬ የሚመጣው ከዚያ ስለሆነ፣ ፓነል ይሰቀላል። በቃ። (ይህ ሁሉ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ አያግድም። ያ ሌላ ሥራ ነው፣ ግንባታ ይጠይቃል።)

ከክፍሉ ቀጥሎ ሥራዬን የለወጠው ቮልዩም ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላብስ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ጆሯችን ለቤዝና ለቀጭን ድምፅ ያለው ስሜት ከድምፁ መጠን ጋር ይለዋወጣል። ሲጮህ ሁሉም ነገር ሙሉና ያማረ ይመስላል። ስለዚህ ቮልዩሙን እንደ ስሜቱ የሚያወጣና የሚያወርድ ሰው፣ ጠዋት የወሰነውን ማታ ሊያምነው አይችልም። እኔ ፒንክ ኖይዝ (ሽው የሚል የመለኪያ ድምፅ) ከፍቼ፣ በድምፅ መጠን መለኪያ 76 ዴሲቤል አካባቢ ላይ አስተካክዬ፣ ማዞሪያው ላይ ምልክት አደረግኩ። ሥራው ሁሉ የሚሠራው እዚያ ምልክት ላይ ነው። ለማጣራት ያህል በጣም ዝቅ አድርጌም እሰማለሁ። ከፍ አድርጌ የምሰማው ለአጭር ጊዜ ነው፣ ምክንያቱም ጆሮ መለዋወጫ የለውም። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ለ8 ሰዓት የሚመክረው ገደብ 85 ዴሲቤል ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ልማድ አለኝ። ኢኳላይዘር (ቤዙን ወይም ቀጭኑን ለይቶ የሚጨምርና የሚቀንስ) ወይም ኮምፕረሰር (ጮክ ያለውንና ዝግ ያለውን የሚያቀራርብ) ባስገባሁ ቁጥር፣ ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ያለውን ድምፅ እኩል መጠን ላይ አድርጌ ነው የማወዳድረው። አንዱ በ1 ዴሲቤል እንኳ ከበለጠ ጆሮ የጮኸውን «ይሻላል» ይላል። እኩል ሲሆኑ ግን ብዙ ጊዜ የጨመርኩት ነገር ምንም ያልጠቀመ ሆኖ አገኘዋለሁ፣ አወጣዋለሁ። ለማነጻጸሪያ የምከፍታቸውን የታወቁ ዘፈኖችም በዚሁ መንገድ ዝቅ አደርጋቸዋለሁ። ማስተር ተደርገው ያለቁ ስለሆኑ ካልተቀነሱ ሁሌም ያሸንፋሉ።

አሁን ወደ ሥራው ራሱ። አዲስ ዘፈን ሲመጣ መጀመሪያ ምንም ሳልነካ ከዳር እስከ ዳር እሰማዋለሁ፣ የመጣልኝንም እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ስሜት ውድ ነው። ደጋግሞ ሲሰማ ጆሮ ከማንኛውም ጉድለት ጋር ይላመዳል።

አንድ ሥራ ልንገራችሁ። ዘፈኑ ያምራል፣ የልጅቷ ድምፅ ሞቅ ያለ ነው፣ ቤዝ ጊታሩ ግን 200 ሄርዝ አካባቢ አብጦ አዝማቹን ሁሉ ያድበሰብሰዋል። እዚያ ላይ ኢኳላይዘር ከፍቼ 2 ዴሲቤል ቀነስኩ። ቤዙ ጠራ። የልጅቷ ድምፅ ግን ወዲያው ቀጠነ፣ ያ ሙቀቱ ሄደ። ለምን ቢባል የድምፅዋ ደረትም ያለው እዚያው ሰፈር ነው። ማስተሪንግ ላይ ሁሉም ነገር በሁለት ትራክ (ግራና ቀኝ) ውስጥ ተጣብቆ ስለሚመጣ፣ አንዱን ስትነኩ ሌላውን ትነካላችሁ። ባለብዙ ባንድ ኮምፕረሰር (ቤዙንና ቀጭኑን ለየብቻ የሚይዝ)፣ የስቴሪዮውን መሀልና ጎን ለይቶ መሥራት፣ ሁሉም መንገድ ነበረኝ። ቤዙም ድምፅዋም መሀል ላይ ስለሆኑ ግን የትኛውም ንጹሕ መፍትሔ አልነበረም። ሁሉንም ትቼ ሚክስ ላደረገው ባለሙያ ጻፍኩለት፦ «ቤዝ ጊታሩን ብቻ 200 አካባቢ ቀንሰህ መልሰህ ላክልኝ፣ ሌላውን እንዳትነካው፣ በጣም ጥሩ ነው።» እሱ ትራኮቹ ለየብቻ በእጁ ስለሆኑ ቶሎ ጨረሰው። የተመለሰው ሚክስ ከኔ የፈለገው ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ መክፈትና ሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚይዝ) ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለውን መልእክት መጻፍ ከሥራዬ ሁሉ ዋጋ ያለው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ደንበኛው ሥራው የዘገየ ሊመስለው ይችላል። ሚክስ ያደረገው ሰውም ቅር ሊለው ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ፣ በስሙና በቦታው ለይቼ እጠይቃለሁ፣ የወደድኩትንም አብሬ እጽፋለሁ። «ሚክሱ አልጠራም» ብሎ መላክ ለማንም አይጠቅምም።

ከደንበኞች በብዛት የሚመጣው ጥያቄ «ይጩህልኝ» ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዘፈኑ ከሌሎች አጠገብ ሲሰማ እንዳያንስ ነው የፈለጉት። ግን የማሰራጫ መድረኮቹ ራሳቸው ድምፁን ያስተካክላሉ። የሚለኩት ሉፍስ በሚባል የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው (ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ድምፁ ይጮኻል)፣ መነሻውም ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2006 ያወጣው ቢኤስ 1770 የተባለ ደንብ ነው። ስፖቲፋይ በተለመደው ቅንብሩ ወደ -14 ሉፍስ ያመጣል። ዩቲዩብም ከዚያ አካባቢ የበለጠውን ዝቅ ያደርጋል። እስከ -8 ድረስ የተጨፈለቀ ዘፈን እዚያ ሲደርስ 6 ዴሲቤል ይወርድበታል፤ የከበሮው ምት ግን ተጨፍልቆ ይቀራል።

ይህን በቃል ማስረዳት ትቻለሁ። ሁለት ቅጂ እሠራለሁ፣ አንዱን በጣም የጮኸ፣ አንዱን የሚተነፍስ። ሁለቱንም መድረኩ እንደሚያደርገው እኩል አድርጌ አሰማና ምርጫውን ለባለቤቱ እተዋለሁ። ይህ ሲባል ሁሉም ዘፈን -14 ላይ ይሁን ማለት አይደለም። ለዳንስ የተሠራ ዘፈን ከዚያ በላይ ሊሸከም ይችላል፣ በአንድ ጊታር የተዘፈነ ደግሞ ከዚያ በታች ያምርበታል። እኔ የማልደራደርበት ትሩ ፒክ (የድምፁ እውነተኛ ከፍተኛ ጫፍ) ላይ ነው፣ ከ-1 ዴሲቤል እንዲያልፍ አልፈቅድም። ፋይሉ ወደ ኤምፒስሪ ወይም ወደ ኤኤሲ ሲቀየር ጫፎቹ ከነበሩበት ከፍ ይላሉና።

ሥራ ከመቀበሌ በፊት የምጠይቃቸው ነገሮች አጫጭር ናቸው። ፋይሉ 24 ቢት ይሁን፣ በተቀረጸበት ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ) ይምጣ፣ ማስተር ቻናሉ (ድምፆቹ ሁሉ ተደምረው የሚወጡበት) ላይ ያለው ሊሚተር ይነሳ። ሊሚተሩ የድምፁ አካል ነው የሚል ካለ ሁለቱንም ይላክልኝ። ስንት ጊዜ እርማት እንደማደርግ፣ ቅድሚያ ክፍያው፣ መረከቢያው ቀን፣ ሁሉም ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይሰፍራል። ቤት ውስጥ ሲሠራ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሰው ቤት ውስጥ ያለን ባለሙያ ሁልጊዜ ነፃ ነው ብሎ ያስባል። የፋይሎቹን ቅጂ በሁለት ሀርድ ዲስክና ከቤት ውጭ ባለ አንድ ቦታ አስቀምጣለሁ።

ማስረከብ ላይ የሚዘለል አንድ ሥራ አለ። ያለቀውን ፋይል ራሱን፣ ከፕሮጀክቱ የወጣውን፣ በሄድፎን ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ። ወደ 16 ቢት የሚወርድ ከሆነ ዲዘር (ቢት ሲቀነስ የሚመጣውን ብልሽት የሚሸፍን ረቂቅ ጫጫታ) አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጨረሻው ደረጃ መግባቱን አያለሁ። መግቢያው ላይ የተቆረጠ ትንፋሽ፣ ማለቂያው ላይ ሳያልቅ የተዘጋ ሪቨርብ (ማስተጋባት)፣ መሀል ላይ ጠቅ የሚል ትንሽ ድምፅ፣ እነዚህን ስክሪን አያሳያቸውም። የዘፈኑን ስም ፊደልና 12 ፊደልና ቁጥር ያለውን የአይኤስአርሲ ኮድ (የተቀረጸው ዘፈን ዓለም አቀፍ መለያ) ከደንበኛው ጽሑፍ ጋር አንድ በአንድ አመሳክራለሁ።

የራሴን ሚክስ ግን ራሴ ማስተር አላደርግም። ክፍሌ ውስጥ ያልሰማሁትን እዚያው ክፍል ውስጥ በተመሳሳይ ጆሮ እንደገና ባዳምጠው አልሰማውም። ሌላ ክፍል ላለው ሰው እልከዋለሁ፣ እሱም የራሱን ለኔ ይልካል።