8 ሰዓት ላይ

ዛሬ ወንድሜ ጫት ካቆመ 4 ወር ሞላው። እኔ እኮ ረስቼው ነበር፣ ጠዋት ወደ ጋራዥ ሊሄድ ጫማውን እያሰረ ቀና ሳይል "እታለም፣ አራት ወር ሆነኝ" አለኝ። ጎሽ የኔ ጌታ ብዬ አቀፍኩትና እሱ ሲወጣ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሳልፅፈው ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

መጀመሪያ ያቆመው መስከረም ላይ ነው፣ ጥር ላይ ስለወደቀ ግን እሱ የሚቆጥረው ከጥር ጀምሮ ነው።

ያኔ መስከረም ላይ ሁላችንም ቅጠሉን ከተወ በቃ አለቀ ብለን ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት እንቅልፍ ብቻ ነበር፣ ሲነቃ ይነጫነጫል፣ እህል አይለውም፣ ከዛ ደግሞ ዱካኩ መጣ። ለማታውቁት፣ ዱካክ ማለት ጫት ሲቀር ሌሊት የሚመጣ ቅዠት ነው፣ የሆነ ነገር ደረቱ ላይ ወጥቶ የሚያንቀው ነው የሚመስለው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሲጮህ እማዬ በባዶ እግሯ ሮጣ ፀበል ትረጨዋለች፣ እኔ መብራት አበራለሁ፣ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ቲሸርቱ በላብ ሰውነቱ ላይ ተጣብቆ አንገቱን ይዳብሳል። እማዬ ሰይጣን ነው አለች። አማኑኤል ሆስፒታል ስንወስደው ሐኪሟ የእማዬን እጅ ይዛ ይሄ የምንጠብቀው ነገር ነው ያልፋል እናቴ፣ ፀበሉንም ቀጥሉ ቀጠሮውንም እንዳትተዉ አለቻት። እውነት እግዜር ይስጣት፣ አንዱን ምረጡ ብትለን ኖሮ እማዬ ሁለተኛ አትመለስም ነበር።

ቅዠቱ አለፈ። ያላለፈው 8 ሰዓት ነው። ምሳ ተበልቶ 8 ሰዓት ሲሆን ሀራራው ይነሳበታል፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ በሩን ያያል። ጫት እኮ ተገዝቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፣ ከተቆረጠ ሁለት ቀን ካለፈው ካቲኖን የሚሉት ዋናው ነገሩ እየደከመ ይሄዳል፣ ለዛ ነው ከአወዳይም ከወንዶ ገነትም በኮባ ጠቅልለው መኪናውን እያበረሩ የሚያመጡት። ስለዚህ የሚቅም ሰው በየቀኑ ትኩሱን ፍለጋ ይወጣል፣ በዛው ሰዓት ከዛችው ልጅ ይገዛል፣ እዛው ቤት ከነዛው ልጆች ጋር በርጫ ይቀመጣል። ወንድሜ ይሄን 9 ዓመት አድርጎታል። አንድ ቀን ምን አለኝ፣ "ቅጠሉማ ይቅር፣ የናፈቁኝ ልጆቹ ናቸው፣ 8 ሰዓት ላይ የሚጠብቀኝ ሰው የለም"። እኛ ያደረግነው ምን ነበር፣ ጓደኞቹን አስትተን ባዶ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጥነው።

ይሄ የገባቸው ከታች ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። ማንም ሳይነግራቸው በር ላይ ቆመው "ልጄ፣ እጄን እያመመኝ ነው፣ 8 ሰዓት ላይ እየመጣህ ቡናዬን ቁላልኝ" አሉት። እጃቸው ደህና ነው፣ እንጀራ ሲጋግሩ በአይኔ አይቻለሁ። እሱ ግን እየሄደ ይቆላል። መጀመሪያ ቀን አሳረረው፣ ዝም ብለው ጠጡት። አሁን ምጣዱን እያወዛወዘ ፍሬው ወዝ ሲያወጣ በድምፁ ያውቀዋል፣ አቦል ቶና በረካ ተጠጥቶ ጀበናው ሲነሳ 10 ሰዓት ሆኗል፣ ያቺ ክፉ ሰዓት አልፋለች ማለት ነው። አለቃውም ቡናውን ጠጥቶ ተመልሶ እስከ ማታ እንዲሰራ ፈቀደለት፣ ከምሳ በኋላ ጋራዡ ውስጥ መቃምንም ከለከለ፣ ሰራተኞቹ ቢያጉረመርሙም ቃሉን አላጠፈም።

ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር። አንድ ዘመዳችን ቢራ ከፍቶ መጣ፣ አልጠጣም ሲለው በሞቴ አለው፣ እምቢ ሲለው ንቀኸኝ ነው አለው። ወንድሜ ደግሞ ጨብሲ የለመደ ሰው ነው፣ ቅሞ ምርቃናውን በመጠጥ ነበር የሚሰብረው፣ አንዱ ሌላውን ይጠራዋል። በነጋታው ቃመ። ያው ዘመዳችን "ድሮም ጀዝባ ነው" ብሎ አወራ። በእግዚአብሔር፣ ሰው አልፈልግም ሲል በሞቴ አትበሉት፣ አምቦ ውሃ ስጡትና ተዉት፣ እኛ ፍቅር ነው ብለን የምናስጠጣው ብርጭቆ ለአንዳንዱ ሰው ስንት ወር የለፋበትን ነው የሚወስድበት።

ሁለት ቀን ከክፍሉ አልወጣም፣ አፈረ። በሦስተኛው ቀን እትዬ የጎረቤት ህፃን ላኩ፣ "ቡናው ሳይቆላ እየጠበቀህ ነው በለው"። በቃ ይሄን ብቻ። ሄደ። የት ነበርክ አላሉትም፣ ምጣዱን ሰጡት።

እኔ አሁን አንድ ነገር አስቤያለሁ። የእድራችን አዳራሽ በወር አንድ እሁድ ለስብሰባ ተከፍቶ ሌላውን ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ወንበሩ አለ፣ ብረት ድስቱ አለ፣ ሰው ሲሞት ለቀስተኛ ሌሊቱን ሙሉ ካርታ እየተጫወተ ያድራል። ከ8 እስከ 11 ሰዓት ቢከፈት፣ ቡና ቢፈላ፣ ዳማ ምናምን ቢቀመጥ፣ ለማቆም የሚሞክር ልጅ ሁሉ የሚሄድበት ይኖረዋል። ለእድሩ ዳኛ እሁድ እነግራቸዋለሁ፣ እምቢ ካሉኝም በሚቀጥለው ወር እደግመዋለሁ።

ዛሬ ከሰዓት ከስራ ቀደም ብዬ ስመለስ እትዬ ቤት አንድ የማውቀው ልጅ አየሁ፣ ከበርጫ ጓደኞቹ አንዱ ነው። ልቤ ድንግጥ አለ፣ መልሶ ሊወስደው የመጣ መሰለኝ። ልጁ በሩ ጋ ዱካ ላይ ኩርምት ብሎ መሬት መሬት ያያል፣ ወንድሜ ቡናውን ያወዛውዛል፣ እትዬ ስኒ እየደረደሩ ስኳር ልታልቅባቸው ነው። ነገ አንድ ኪሎ ገዝቼ እወስድላቸዋለሁ።