ተንደርበርዱን ሼር ፎልደር ላይ አታስቀምጡት

ጅማ ውስጥ የየቢሮውን ኮምፒውተር የሚያይ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይውልም፦ "ሁላችንም አንድ ኢሜይልና አንድ የአድራሻ መዝገብ እንድንጠቀም አድርግልን።" ሰሞኑን ደግሞ ሂርማታ አካባቢ ያለ አንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ ጠየቀኝ። የገዢዎቹ አድራሻ ያለው ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። እሷ ከቀረች ሥራ ቆመ።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ፕሮፋይል (ደብዳቤው፣ አድራሻውና ሴቲንጉ ያለበትን ፎልደር) በኔትወርክ ሼር አድርጎ ሁሉም ከዚያ እንዲከፍት ነው። ተንኮሉ ለጊዜው መሥራቱ ነው። ተንደርበርድ ሲከፈት ፕሮፋይሉን ስለሚቆልፍ ሁለተኛው ሰው ውጭ ይቀራል፤ የመቆለፊያውን ፋይል ሰርዞ በግድ የሚገባ ጀግናም አይጠፋም። አድራሻዎቹ ያሉት ኤስኪውላይት በሚባል የዳታቤዝ ፋይል ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ በኔትወርክ ፎልደር ላይ ሁለት ኮምፒውተር ባንዴ ሲጽፍበት ሊበላሽ ይችላል። መብራት ድንገት ሲሄድማ ተዉት። የማይክሮሶፍቱ የኢሜይል ፕሮግራም አውትሉክም ያው ነው፤ ማይክሮሶፍት ደብዳቤና አድራሻ የሚቀመጥበትን የፒኤስቲ ፋይል ከኔትወርክ ላይ መክፈትን አይደግፍም።

ስለዚህ ተንደርበርዱን በየኮምፒውተሩ ጫኑት፣ ነጻ ነው። መጋራት ያለበት መረጃው ነው። ለደብዳቤው አይማፕ (ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ እንዳለ የማንበቢያ መንገድ፣ ፖርት 993) ይበቃል፣ ሁሉም ሰርቨሩ ላይ ያለውን ያያል። ፖፕ3 የሚባለው ሌላው መንገድ ግን ደብዳቤውን ቀድሞ ለከፈተው ኮምፒውተር አውርዶ ከሰርቨሩ ሊያጠፋው ስለሚችል ለጋራ ሳጥን አይሆንም።

ለአድራሻው ካርድዳቭ የሚባል፣ መዝገቡን ከአንድ ሰርቨር የመጋሪያ መንገድ አለ። ተንደርበርድ ከ2021ዱ 91ኛ ስሪት ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ነገር ይቀበለዋል። ኤልዳፕ የሚባለው የአድራሻ ማውጫ መጠየቂያ መንገድም ይሠራል፣ ግን ተንደርበርድ ከሱ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ለካርድዳቭ ሰርቨርነት እኔ የምመርጠው ራዲካሌን ነው፤ ትንሽዬ የፓይተን ፕሮግራም ስለሆነች ጥግ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ ቢሮው ውስጥ አድራሻው ይገኛል። ስትጫን ለራሷ ኮምፒውተር ብቻ ነው የምትመልሰው፣ ስለዚህ ሴቲንጓ ላይ በፖርት 5232 ለኔትወርኩ ክፈቷት፣ የይለፍ ቃል አድርጉባት፣ ለኮምፒውተሩም የማይቀየር አይፒ ስጡት።

ከማስገባታችሁ በፊት መዝገቡን አጽዱ። አንዱን ገዢ አንዷ በአማርኛ፣ ሌላው በላቲን፣ ሦስተኛው በድርጅቱ ስም መዝግቦት ሦስት ሰው ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንድ ሰው የሰረዘው ከሁሉም ላይ ስለሚጠፋ ደግሞ ማን እንደሚሰርዝ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ በየጊዜውም በቪካርድ (የአድራሻ ፋይል ዓይነት ነው) አውጥታችሁ ፍላሽ ላይ አኑሩት።