ቺምፓንዚ ለማየት ሄጄ ከገብረ ጉንዳን ጋር ያደርኩበት ሎጅ

ይሄን የምጽፈው እኔን ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው። ኡጋንዳ፣ ኪባሌ ጫካ ዳር ያለ ሎጅ ሦስት ሌሊት አድሬ ነበር። ቪዛ፣ የቢጫ ወባ ካርድ፣ የወባ ክኒን፣ ይሄ ሁሉ ቀላል ነው ቀድማችሁ ጨርሱት። ቺምፓንዚዎቹም ጋ ችግር አልነበረም፣ ማስክ አድርጋችሁ አንድ ሰዓት ታዩአቸዋላችሁ፣ አለቀ። ማስኩን ግን እንዳትንቁት፣ እዛው ኪባሌ በ2013 እ.ኤ.አ. የሰው ጉንፋን ቫይረስ ገብቶ 56 ከነበሩት የአንድ ቡድን ቺምፓንዚዎች 5ቱን ገድሏል። ጉንፋን ከያዛችሁ ለሬንጀሩ ተናገሩና ቅሩ፣ የከፈላችሁት ይቃጠል።

የኔ ጣጣ የመጣው ማታ ነው። ሁለተኛው ቀን እራት በልቼ ስመለስ ዛፍ ላይ ሁለት ዓይኖች ያበራሉ፣ ቡሽቤቢ የሚሏት የሌሊት እንስሳ ናት። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ ተብለን ነበር ግን ክፍሌ ሠላሳ እርምጃ ነው ብዬ በሰንደል ጫማ ነው የወጣሁት። ሳሩ ላይ ቆሜ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ቁርጭምጭሚቴን የሆነ ነገር ጠቅ አደረገኝ፣ ትንኝ መስሎኝ ዝም አልኩ፣ ከዛ ጉልበቴ፣ ከዛ የማልጽፈው ቦታ። መብራቱን ወደ መሬት ሳዞር ቡናማ ገመድ የመሰለ ነገር መንገዱን አቋርጦ እየፈሰሰ ነው፣ እኔ መሃሉ ላይ ተገትሬያለሁ። ገብረ ጉንዳን!

ሱሪዬን እዛው አውልቄ እየጮህኩ ሮጥኩ (አዎ፣ ሰው አይቶኛል)። አንዷን ስነቅላት ገላዋ ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ፣ ጭንቅላቷ ግን በመንጋጋው ቆዳዬን እንደነከሰ ነው።

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ግን ቀጥሎ የሠራሁት ነው። ጠረጴዛው ላይ "ነፍሳት ካያችሁ አልጋው ስር ያለውን ፍሊት ተጠቀሙ" የሚል ወረቀት አለ። ታዛዥ ነኝና በረንዳዬ ጋ የደረሰው ሰልፍ ላይ ለቀቅኩበት። ከዚህ የባሰ ስህተት የለም። እነዚህ ጉንዳኖች አያዩም፣ ሽታ ተከትለው ነው የሚሄዱት፣ ሰልፋቸው ሲበተን በየአቅጣጫው ነው የሚረጩት፤ በበሩ ስር ገቡ፣ ግድግዳ ላይ፣ አጎበር ላይ። ሪሴፕሽን ስደውል ልጁ "ፍሊቱን ሞክረዋል?" አለኝ። ሞክሬዋለሁ!! ደግሜ ስደውል "ጠዋት ሰው እንልካለን"።

ያዳነኝ የሌሊት ዘበኛው ነው። መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ከዛ "ውጣና ቤቱን ተውላቸው፣ በረሮውን በልተው ይሄዳሉ" አለኝ። ሬስቶራንቱ ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ቁጭ አልኩ። ወደ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስመለስ አንድ ጉንዳን የለም፣ በረሮም የለም። ሻወሩ ግድግዳ ላይ ሁሌ የምትለጠፍ ትንሽ እንሽላሊት ነበረች፣ እሷም የለችም፣ የት ሄደች ብዬ አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ወረቀቱ የሚለውን እርሱት። ክፍል ውስጥ ሰልፍ ካያችሁ ፍሊት አትንኩ፣ የተኛ ልጅ ካለ አንስታችሁ ውጡ። መንገድ ላይ ከሆነ ዘላችሁ እለፉት። ማታ እንስሳ ለማየት ስትቆሙ ደግሞ መብራቱን መጀመሪያ እግራችሁ ስር፣ ከዛ ዛፉ ላይ።

ስወጣ "ከ13ቱ የጫካችን ጦጣና ዝንጀሮ ዘመዶች የትኞቹን አዩ?" የሚል ቅጽ አስሞሉኝ። ለጉንዳን ሳጥን የለውም። ከታች በእጄ ጻፍኩላቸው፣ ልጁ አንብቦ "ፍሊቱ አልሠራም?" አለኝ።