አንዲት እዝባር ያመጣችብኝ ጣጣ

የጻፍኩት ማስታወቂያ አምስት መስመር ነበር። እስካሁን በቃሌ ይዤዋለሁ።

«የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር። ብዛት፦ 1። ተፈላጊ ችሎታ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በተመሳሳይ የትምህርት ዘርፍ የተመረቀ/ች፣ በሲ/ሲፕላስፕላስ በቂ ዕውቀትና 3 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው/ያላት። የሥራ ቦታ፦ አዲስ አበባ። ደመወዝ፦ በስምምነት።»

ደመወዙን እንለፈው፤ እሱ ለብቻው ያስጽፋል። የዛሬው ጉዳዬ እዝባሯ (/) ናት። ሲ እና ሲፕላስፕላስ በሚባሉት ሁለት የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች መሃል ዘመም ብላ የቆመችው።

የምንሠራው መኪና ላይ የሚገጠም መከታተያ ነው። መኪናው የት እንዳለ ከጂፒኤስ ያነባል፣ በሞባይል ኔትወርክ ይልካል። ውስጡ ያለችው ቺፕ ኤስቲኤም32 ከሚባለው ቤተሰብ ናት። ሚሞሪዋ 20 ኪሎባይት ብቻ ነው። በስልክህ የምታነሳት አንዲት ፎቶ እዚያ ውስጥ አትገባም። ኮዱ ከዳር እስከ ዳር በሲ ነው የተጻፈው። ሲፕላስፕላስ ያለው ሰርቨሩ ጋ ነው፤ እሱን ደግሞ ሌላ ልጅ ይዞታል።

ታዲያ ለምን ሁለቱንም ጻፍኩ? እውነቱን ልናገር፦ ሁሉም እንደዚያ ስለሚጽፍ ነው። የሰው ኃይል ኃላፊያችን ረቂቁን አይተው «ይሄ ይበቃል?» አሉኝ። «ይበቃል» አልኳቸው።

በአሥር ቀን 71 ሲቪ መጣ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ።

በአገራችን ብዙ የኮምፒውተር ተማሪ ፕሮግራሚንግን ሀ ብሎ የሚጀምረው በሲፕላስፕላስ ነው። ስለዚህ ሲፕላስፕላስን ሲቪው ላይ የማይጽፍ የለም። አንደኛ ዓመት ላይ «ሲ አውት» ብሎ ስሙን ስክሪን ላይ ያወጣውም፣ ከዚያ ወዲህ ዌብሳይት ብቻ የሠራውም ጽፎታል። ሲሻርፕ በሚባል ሌላ ቋንቋ የሚሠሩ ስድስት ልጆችም አመልክተዋል። ያው እሱም «ሲ» አለበት። አልፈርድባቸውም። በቂ ዕውቀት ማለት ስንት እንደሆነ ማስታወቂያው አልነገራቸውም።

ስምንቱን ለፈተና ጠራሁ። ከእነሱ አንዱን አልረሳውም። ከሐዋሳ ሌሊት ተነስቶ ነው የመጣው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፋይሉ በፕላስቲክ የተያዘ፣ ጨዋ ልጅ።

ፈተናው አንድ ጥያቄ ነበር። ጂፒኤሱ በሲሪያል መስመር ፊደል በፊደል ይልካል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በዶላር ምልክት ይጀምራል፣ መጨረሻው ላይ ኮከብና የማረጋገጫ ቁጥር አለው። ፊደሎቹን እየሰበሰብክ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲሞላ ለይተህ አውጣ። በቃ ይኸው ነው።

ልጁ ቶሎ ጨረሰ። ወረቀቱን ሳየው ቆንጆ ነበር። ስትሪንግ፣ ቬክተር (መረጃ ሲጨመርባቸው ሚሞሪ እየወሰዱ የሚሰፉ የሲፕላስፕላስ ዝግጁ ማከማቻዎች)፣ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ቬክተሩ ላይ መጨመር። ላፕቶፕ ላይ ቢሆን ያለምንም ችግር ይሠራል። «ሚሞሪው 20 ኪሎባይት ቢሆንስ?» አልኩት። ዝም አለ። «ኦፐሬቲንግ ሲስተምም የለም» ብዬ ጨመርኩ። ቀና ብሎ አየኝና «እና ስትሪንግ የለም ማለት ነው?» አለኝ።

ፊቱን ሳይ አፈርኩ። እሱ የመጣው ለሲፕላስፕላስ ሥራ ነው፣ ሲፕላስፕላሱንም ያውቃል። በኔ እዝባር የተነሳ ነው ሌሊት ተነስቶ የመጣው።

ነገሩ በኔም ደርሷል እኮ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ «የጃቫ ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ክላስና ስለ ትሬድ ሳጠና ከረምኩ። ጠያቂው ስለ ዌብ ገጽ ቁልፎች ነው የጠየቀኝ። ለካ ጃቫስክሪፕት ማለታቸው ነበር። ሁለቱ የሚገናኙት በስም ነው። ጃቫስክሪፕትን እ.ኤ.አ. በ1995 ብሬንደን አይክ ኔትስኬፕ በተባለው የብራውዘር ኩባንያ ውስጥ ሲሠራው መጀመሪያ ሞካ፣ ቀጥሎ ላይቭስክሪፕት ይባል ነበር፤ ጃቫ በዚያን ጊዜ ስሙ ስለገነነ ነው ስሙን የተዋሰው። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ማስታወቂያውን የጻፈውን ሰው ያላልኩት ነገር የለም። ከዓመታት በኋላ ያ ሰውዬ እኔ ሆንኩ።

የሲና የሲፕላስፕላስ ግን ከጃቫው ይብሳል። ምክንያቱም እነሱ በእርግጥ ዝምድና አላቸው። ሲን ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሠራው። ቢያርነ ስትሮስትሩፕ እዚያው ቤል ላብስ በ1979 «ሲ ከክላስ ጋር» ብሎ ጀመረና በ1983 ሲፕላስፕላስ የሚለው ስም ወጣለት። አባትና ልጅ በላቸው። ግን ልጁ ጎጆ ከወጣ ቆይቷል። ማሎክ (ሚሞሪ የሚጠየቅበት ትእዛዝ) የሰጠህን አድራሻ ቀጥታ ለኢንት ፖይንተር (የሙሉ ቁጥር አድራሻ ለሚይዘው) ብታስረክበው ሲ ዝም ብሎ ይቀበልሃል፤ ሲፕላስፕላስ ካስት ካላደረግክ፣ ማለትም ዓይነቱን በግልጽ ካልቀየርክ፣ አላልፍም ይላል። በነጠላ ጥቅስ ያለች አንዲት ፊደል ስንት ባይት ናት ብትል፣ ሲፕላስፕላስ 1 ይልሃል፣ ሲ ግን እንደ ኢንት ስለሚቆጥራት እንደኛ ባለ ቺፕ ላይ 4 ይልሃል። እ.ኤ.አ. ከ2011ዱ እትም በኋላ የተጻፈ ሲፕላስፕላስማ ለሲ ሰው ጭራሽ ሌላ ቋንቋ ይመስለዋል።

ያን ማታ ማስታወቂያዬን እንደገና አነበብኩት። ለካ እዝባር ሦስት ቦታ አለች። «የተመረቀ/ች» ላይ ያለችው «ወይም» ናት፤ ወንድም ሴትም ይሁን። «ያለው/ያላት» ላይም እንደዚያው። ታዲያ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሲ/ሲፕላስፕላስ» ላይ ስትደርስ «እና» ሆና ትነበባለች ብዬ ነው የጠበቅኩት? ወይስ «ወይም»? ወይስ እንደ «መ/ቤት» እና «ዶ/ር» የማሳጠሪያ ናት? እኔ ራሴ ምን ማለቴ እንደነበር አላውቅም። እኔ ያላወቅኩትን ሐዋሳ ያለ ልጅ እንዴት ይወቀው?

ይባስ ብሎ በሳምንቱ አንዲት የድሮ ክፍል ጓደኛዬን አገኘኋት። ማኪያቶ ይዘን ቁጭ አልን። የሕክምና መሣሪያ ቦርድ እየጠገነች፣ ኮዱንም በሲ እያስተካከለች አራት ዓመት ሠርታለች። እኔ የምፈልገው ሰው ማለት እሷ ናት።

«ማስታወቂያችንን አላየሽም?» አልኳት።

«አይቼዋለሁ። ሲፕላስፕላስ ይላል እኮ። እኔ ደግሞ ሲ ብቻ ነው የምችለው። ሰው ከማስቸግር ብዬ ተውኩት።»

ማኪያቶው በረደብኝ። እዝባሯ የማይሆኑትን ጠርታ የሚሆነውን ሰው ከበር መልሳለች።

ሁለተኛውን ማስታወቂያ ለመጻፍ ከኮድ ጸሐፊያችን ጋር አንድ ከሰዓት ቁጭ አልን። ቋንቋውን ትተን አዲሱ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምን እንደሚሠራ ብቻ ጻፍን። የቋንቋው ስም ከዚያ በኋላ ራሱ መጣ።

«ሥራው በሲ ነው፤ ሲፕላስፕላስ አያስፈልግም። 20 ኪሎባይት ሚሞሪ ባላት ማይክሮኮንትሮለር ላይ፣ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ከጂፒኤስና ከሞደም ጋር በሲሪያል የሚነጋገር ኮድ ትጽፋላችሁ። የመጀመሪያ ሥራችሁ ኔትወርክ ሲቋረጥ የተሰበሰበው መረጃ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። የምንጠቀመው ሲ99፣ ማለትም የ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) የሲ እትም ነው። ለመዝናኛ የሠራችሁትም ቢሆን የሚሠራ ቦርድ ይዛችሁ ኑ።»

ጾታውንም «እናንተ» ብዬ ተገላገልኩ። እዝባር የሚባል ነገር የለም። ሦስት ዓመት የሚለውንም አወጣሁት። የዓመት ቁጥር ሲጻፍ ብዙም አይታሰብበትም። ፋስትኤፒአይ የሚባለውን የፓይተን ፍሬምወርክ የሠራው ሴባስቲያን ራሚሬዝ እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ማስታወቂያ አይቶ ነበር። በፋስትኤፒአይ ከ4 ዓመት በላይ ልምድ ይጠይቃል። ሰውየው ራሱ ከሠራው ገና ዓመት ከመንፈቅ ነበር፤ ስለዚህ ማመልከት እንደማይችል ጽፎ ዓለምን አሳቀ። የኔም ሦስት ዓመት ከዚያ አይሻልም። ከየት እንዳመጣኋት ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም።

ማስታወቂያውን ከማውጣቴ በፊት ዌብ ለሚሠራ ጓደኛዬ አስነበብኩት። «ይሄ ለኔ አይሆንም» አለኝ። ደስ አለኝ። ሰውየው የሐዋሳን መንገድ ሳይመታ፣ እቤቱ ሆኖ ነው «አይሆንም» ያለው።

ኃላፊያችን ግን አልወደዱትም። «ይሄ ማስታወቂያ ነው ደብዳቤ?» አሉ። ጋዜጣ ላይ ቦታ ገንዘብ ነው፣ እውነታቸውን ነው። ጋዜጣው ላይ ሁለት መስመር አድርገን ሙሉውን ቴሌግራም ላይ አወጣነው። እዚያ ለመስመር የሚከፍል የለም።

14 ሰው አመለከተ። ዘጠኙ ቦርድ ይዘው መጡ። አንደኛው ከሞባይል ሳጥን የሠራው የዶሮ ቤት ማሞቂያ መቆጣጠሪያ ነበር፣ ሽቦው የሚያስፈራ፣ ኮዱ ግን ጥርት ያለ። እሱን ቀጠርነው። ጓደኛዬ ጋ ስደውል ሌላ ቦታ ከገባች ወር ሆኗታል። የሐዋሳው ልጅ ጋም ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቀና «መንገዱን ተለማመድኩት» አለኝ።

አዲሱ ልጅ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ወንበሩን ወደኔ አዞረ።

«አለቃ፣ ማስታወቂያው ላይ ሲ99 ነው ያላችሁት አይደል?»

«አዎ።»

«ኮዱ በየትኛው የሲ እትም እንደሚተረጎም የሚወስነው ሜክፋይል ግን ጂኤንዩ11፣ የ2011ዱን እትም ነው የሚለው።»

ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው።